የሚስካ ሰፋፊ ጎማዎች

በዚያ ማክሰኞ፣ ጥቅምት ሊጋመስ ሲል፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ገደማ በኦይቫ ጎሚስታ ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ። አንዱ ባለቤቱ ኦይቫ ነው። ሁለተኛዋ ተማሪዎችን የምታመላልሰው ባለታክሲ ሪትቫ ናት። ሦስተኛው ከጥቂት ዓመታት በፊት ጡረታ የወጣው የግንድ መኪና ሾፌር ታውኖ ነው። የታውኖ ሚስት ሄልቪ በኋላ፣ አስር ሰዓት ላይ መጣች። ከእነዚህ ከአራቱ ሌላ የሆነውን ያየ ሰው የለም።

ታውኖ ሲገባ ሪትቫ እየቀለደች ነበር። ታክሲዋ ክሪክ ላይ ተሰቅሏል፤ እሷ ደግሞ የተገለበጠ የዘይት ቆርቆሮ ላይ ተቀምጣ ከቴርሞሷ ቡና ትጠጣለች።

«ኦይቫ፣ ዛሬ ትጨርሳለህ ወይስ ልጆቹ እዚያው ትምህርት ቤት ይደሩ?»

«ሚስማሮቹን እያየሁ ነው» አለ ኦይቫ፣ በረዶ እንዲቧጥጡ ትናንሽ ሚስማሮች ከተተከሉበት ጎማ ላይ ቀና ሳይል።

«እያቸው እንጂ። አምና አንዷ ጎድላ ነበር፤ እሷን ፍለጋ እስከ ኖርዌይ ድንበር ነድቻለሁ።»

ኦይቫ ፈገግ አለ። ከሪትቫ ጋር ሲሆን ማውራት አይጠበቅበትም፤ ለሁለት ታወራለች። እሱ ስልሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ሠላሳ አንዱን ዓመት በዚህ ቤት ጎማ ሲፈታና ሲያስር ኖሯል። ቃል ከአፉ የሚወጣው የዛገ ቡሎን እንደሚፈታው ነው፤ ቀስ ብሎ፣ ተገፍቶ ተገፍቶ።

በሰሜን ፊንላንድ ባለችው በቪታኮስኪ መንደር የመጀመሪያው በረዶ ሳይጥል ማንም የበጋ ጎማውን በበረዶ ጎማ ሊያስቀይር አይመጣም፤ በጣለ ማግስት ደግሞ ሁሉም ይመጣል። እሑድ ጥሎ ነበር። ሰኞ ከፊሉ ቀለጠ። አሁን በግቢው ውስጥ ያለው በረዶም አይሉት ውኃም አይሉት፤ ሲረግጡት እንደ ቡኮ ከጫማ ሥር ወደ ጎን የሚሸሽ ነገር ነው። የመንደሩ ሰው ከደረቁ ብርድ ይልቅ ይህንን ይፈራል። ሐይቁ ዳር ያለው መንገድ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ከዚያም መጋቢት ላይ እንደገና፣ እንዲህ እንደ ቡኮ ሆኖ ይሰነብታል።

ታውኖ ቆቡን አውልቆ ራሱን ነቀነቀ። ያቺ ሰላምታው ናት። ከኋላው ተጎታች ጋሪው ላይ አራት ክብ ነገሮች በነጭ አንሶላ ተሸፍነው ይታያሉ።

«ታውኖ!» አለች ሪትቫ። «በአንሶላ የጠቀለልከው ምንድን ነው? ሙሽራ ሰርቀህ ነው?»

ታውኖ አልሳቀም። ሄዶ አንሶላውን ገለጠ፤ ከዚያም በአራቱ ማዕዘን አጥፎ፣ እንደገና አጥፎ፣ ክንዱ ላይ አደረገው። ሪትቫ ኩባያዋን ወደ አፏ እንደወሰደች ቀረች።

አራት የጥቁር ብር ቀለም ያላቸው ቸርኬዎች ነበሩ፤ ስስና ሰፊ ጎማ ተገጥሞባቸዋል። ኦይቫ ልካቸውን ማንበብ አላስፈለገውም። ወርዱ ሁለት መቶ ሃያ አምስት በአርባ አምስት፣ ቸርኬው አስራ ሰባት። በእያንዳንዱ ቸርኬ የውስጥ ጎን በነጭ ቀለም የተጻፈውንም ያውቀዋል፤ የጻፈው እሱ ነውና። ደንበኛው ማን እንደሆነና ጎማው በየትኛው ጎን እንደሚታሰር ምልክት ማድረግ ልማዱ ነው። «ሚስካ፣ ግራ ፊት። ሚስካ፣ ቀኝ ፊት።» ቀለሙ አልደበዘዘም።

«የሄልቪ ኩላሊት ደክሟል» አለ ታውኖ። «ከነሐሴ ጀምሮ እጥበት ላይ ናት። ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ።»

«ሰምተናል» አለች ሪትቫ በቀስታ። «የሕክምና ታክሲ ይከፈልላት የለም እንዴ?»

«ይከፈላል። ሌሎች ሦስት ሰዎች በየመንደሩ እየለቀመ ነው የሚሄደው። ሲመለሱ መንገድ ላይ ታስመልሳለች፤ በሰው ፊት ያሳፍራታል። ሚስቴን እኔ ነኝ የምወስዳት።» ከዚያ ወደ ኦይቫ ዞረ። «በጸደይ የገዛኋት መኪና ከሚስካ መኪና ጋር አንድ ዓይነት ናት። አስቤበት ነው የገዛሁት። እነዚህ አራት ዓመት ጎተራ ውስጥ ተቀመጡ። የሄዱት ስድስት ሳምንት ብቻ ነው፤ ሚስማሮቹ አልተበሉም። ልጁ የገዛቸው ናቸው። እናቱን ይውሰዷት።»

ኦይቫ እጁን በጨርቅ ጠረገ። ቀድሞም ንጹሕ ነበር፤ ደግሞ ጠረገው።

«ነገ ረቡዕ ነው» አለ ታውኖ። «ራዲዮው ሌሊት ይጥላል፣ እርጥብ በረዶ ነው ብሏል። አስር ሰዓት ላይ መኪናዋን ይዤ ልምጣ?»

«ና» አለ ኦይቫ።

ታውኖ አራቱን እያንከባለለ አስገብቶ ከግድግዳው አስደገፋቸው። የመጨረሻውን ካስደገፈ በኋላ የፈረስ አንገት እንደሚዳበስ በመዳፉ ዳበስ አደረገውና ወጣ።

የጋሪው ድምፅ ራቀ። ከዚያ ሪትቫ የቀረውን ቡና ወለሉ ላይ ደፋችው።

«እነዚህን መኪናው ላይ ታስራለህ?»

ኦይቫ የታክሲዋን ቡሎን ማጥበቁን ቀጠለ።

«አንተ ሰውዬ፣ እያናገርኩህ ነው። የእኔ ታክሲ ስንት ቁጥር ጎማ ነው የሚያደርገው?»

«አንድ መቶ ዘጠና አምስት።»

«ለምን?»

«ቀጭን ስለሆነ።»

«ማን ነው ቀጭን እሰሪ ያለኝ?»

«እኔ።»

«ታዲያ ለባለታክሲ የሚነገር ለአበልጅህ የማይነገር ነው?»

«አንቺ ጠይቀሽኝ ነው» አለ ኦይቫ።

ሪትቫ የቴርሞሷን ክዳን ገጠመች። እውነቱን ነበር። በቪታኮስኪ ሰው ሳይጠይቅህ አትመክረውም። የጎረቤትህ ጀልባ ስትፈስ ብታይ እንኳ፣ እሱ ራሱ ያውቀዋል ብለህ ታልፋለህ። መንገር ማለት «አታውቅም» ማለት ነው፤ እሱ ደግሞ ስድብ ነው። በዚህ ምክንያት በመንደሩ ውስጥ ጠብ የለም ማለት ይቻላል። ሰው ሁሉ ዝም ብሎ፣ ተከባብሮ ይኖራል።

ከአራት ዓመት በፊት፣ በዚሁ ወር፣ የታውኖና የሄልቪ ልጅ ሚስካ እያፏጨ በዚህ በር ገባ። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር። ኦይቫ የክርስትና አባቱ ነው፤ በጥምቀቱ ቀን አቅፎት ቆሟል፤ የብስክሌቱን ካለመዳሪያ እንዴት እንደሚለጥፍ ያስተማረውም እሱ ነው። «የክርስትና አባቴ፣ እስቲ እነዚህን እያቸው!» አለ ሚስካ። ማዕድን ማውጫው ውስጥ የበጋውን ትርፍ ሰዓት ሁሉ ሠርቶ የገዛቸው ነበሩ።

ኦይቫ አያቸው። ያን ጊዜ የሚያውቀው ዛሬ ከሚያውቀው አያንስም። የጎማው ጠቅላላ ቁመት ከቀጭኑ ጋር እኩል ነው፤ ቸርኬው ሲያድግ ላስቲኩ ይሳሳል፣ ጎማው ይሰፋል። ለደረቅ አስፋልት ይህን የመሰለ የለም። ጠጥሮ መስታወት በሆነ በረዶ ላይም ሚስማር ካለው አይከፋም። በቡኮ ላይ ግን ሰፊው ጎማ ቆርጦ አይወርድም፤ ከላይ ይንሳፈፋል። መሪው ይዞራል፣ መኪናው አይዞርም። ይህን ሁሉ በልቡ አለ። ከኋላ ሦስት መኪና ተሰልፎ ነበር፣ የልጁም ፊት በደስታ በርቶ ነበር፤ ደግሞም ልጁ አልጠየቀውም።

«ቆንጆ ናቸው» አለው።

ስድስት ሳምንት አለፈ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ እርጥብ በረዶ እየጣለ፣ የሚስካ መኪና ሐይቁ ዳር ካለው ጠመዝማዛ ላይ ሳይታጠፍ ቀጥ ብሎ ሄዶ ከጥድ ጋር ተጋጨ። ጎማዎቹ አንዳቸውም አልተጎዱም። ፖሊስ ፍጥነቱ ልክ ነበር ብሎ ጻፈ፤ ምክንያቱ የመንገዱ ሁኔታ ነው ተባለ። ማንም ማንንም አልወቀሰም። ኦይቫ ሬሳውን ከተሸከሙት ስድስት ሰዎች አንዱ ነበር።

«ሂጂ» አለ አሁን፣ የሪትቫን መኪና ከክሪኩ እያወረደ። «ልጆቹ ይጠብቁሻል።»

«እሄዳለሁ። አንተ ግን ምን ልትለው ነው?»

«አይገጥምም እለዋለሁ።»

ሪትቫ የመኪናዋን በር ከፍታ ቆም አለች። «ኦይቫ፣ አንተ እኮ መዋሸት አትችልም። ካርታ ስንጫወት ጥሩ ሲደርስህ ጆሮህ ይቀላል።» ሞተሩን አስነሳች፤ መስታወቱን ግን አወረደችው። «ንገረው» አለችና ወጣች።

ኦይቫ እስከ አስር ሰዓት አራት መኪና ሠራ። በመካከል መጋዘን ገብቶ አራት ጎማ አወጣ፤ አንድ መቶ ዘጠና አምስት በስልሳ አምስት፣ አስራ አምስት፤ ጥቁር ተራ የብረት ቸርኬ፣ ምንም ውበት የሌለው። ነፋስ ሞላባቸው፤ ባላንሳቸውን አየ። ከሚስካዎቹ ፊት ለፊት፣ በሌላኛው ግድግዳ አስደገፋቸው። ቀጭኖቹ ቆመው ሲታዩ የአሮጊት ብስክሌት ጎማ ይመስላሉ።

ልክ አስር ሰዓት ላይ ታውኖ መኪናውን አስገባ። ሄልቪ አብራው ነበረች። ትንሽ ሴት ናት፤ ከነሐሴ ወዲህ ደግሞ ይበልጥ አንሳለች። ለእጥበት መርፌው የሚገባበትን ግራ ክንዷን፣ የታመመ ወፍ እንደያዘ ሰው፣ በቀኝ እጇ ደግፋ ይዛዋለች። ኦይቫ ወንበር አምጥቶ ምድጃው አጠገብ አስቀመጣት።

«እንዴት ነሽ፣ ሄልቪ?»

«አለሁ። ታጥቤ ታጥቤ ነጭ ሆኜልሃለሁ» አለች።

ታውኖ ኮቱን አወለቀ። «እንጀምር?»

ኦይቫ ወለሉን እያየ፣ «አይገጥምም» አለ።

«ምኑ?»

«ቸርኬው። ፍሬኑን ይነካል።»

ታውኖ ወደ መኪናው ጎማ ጎንበስ ብሎ አየ። አርባ ዓመት የግንድ መኪና የነዳ ሰው ነው፤ ስንት ጎማ በጫካ መካከል፣ በውርጭ፣ ብቻውን ቀይሯል። በመጨረሻ፣ «አሁን የታሰረው ትንሹ አስራ አምስት ቸርኬ የማይነካውን ፍሬን ትልቁ አስራ ሰባት ቸርኬ ነካው?» አለ።

ኦይቫ ጆሮው ሲግል ተሰማው። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ የዋሸው የመጀመሪያ ውሸቱ ነው፤ እሱም ተማሪ እንኳ የማይዋሸው ውሸት ሆነ።

ታውኖ እጅጌውን ሰበሰበ። ክሪኩን አስገብቶ መኪናዋን አነሳ። የፊት ግራውን የበጋ ጎማ ፈታ። ከግድግዳው «ሚስካ፣ ግራ ፊት» የሚለውን አንከባሎ አመጣና አነሳው፤ አምስቱን ቡሎኖች በጣቱ አዞረ፤ በቁልፍ አጠበቀ። ከዚያ በአንድ እጁ ገፋው። ጎማው ያለ አንዳች ድምፅ ዞረ። ሦስቱም መዞሩን እስኪተው ድረስ አዩት።

«አበልጄ» አለ ታውኖ፤ ገና እንደተንበረከከ ነበር። «ለምን ዋሸኸኝ?»

ኦይቫ ጨርቁን አስቀመጠ። ሄልቪን አያት። እሷ ዓይኗን አልነቀለችም።

«ሰፊ ናቸው» አለ። «ለዚያ መንገድ ሰፊ ናቸው።»

«ሰፊ ጎማ መንገድ ይይዛል። እኔ ዕድሜዬን በሰፊ ጎማ አይደል እንዴ የነዳሁት? ያውም ጥንድ ጥንድ እየታሰረ።»

«አንተ አርባ ቶን ጭነህ ነው የነዳኸው። ክብደቱ ራሱ ቡኮውን ሰብሮ አስፋልቱን ያገኘዋል። ይቺ ቀላል ናት። ሰብራ አትወርድም።»

«በመኪናው ወረቀት ላይ ሁለቱም ልክ ተጽፏል።»

«ተጽፏል። ይገጥማል ማለት ነው እንጂ ይሻላል ማለት አይደለም።»

ለኦይቫ ይህ ረጅም ንግግር ነበር። ሌላ ቃል ሲያጣ ባልዲ ይዞ ወጣ፤ ግቢው ውስጥ ከተጋደመው ቡኮ በረዶ አፍሶ ተመለሰና ዘይት በሚጠራቀምበት ሰፊ ትሪ ላይ ገለበጠው። አራት ጣት ያህል ከፍ አለ። በላዩ ላይ መዳፉን ዘርግቶ ተጫነ። ቡኮው ከመዳፉ ሥር ተጠቅጥቆ ቆመ፤ እጁ ትሪውን አልነካም። ከዚያ እጁን አንስቶ፣ በጠርዙ፣ ሥጋ ለመቁረጥ እንደሚሰነዘር ቢላ አወረደው። ቡኮው ግራና ቀኝ ተከፈለ፤ ትሪው ጠቅ አለ።

«ይህ ሰፊው ነው። ይህ ቀጭኑ ነው» አለ።

ታውኖ ከተንበረከከበት ተነሥቶ ከሩቅ አየ። ሄልቪ ግን ከወንበሯ ተነሥታ መጣች። ጓንቷን በጥርሷ ሳብ አድርጋ አወለቀችና፣ በደኅናው እጇ እንደ እሱ አደረገች። መዳፏን ተጫነች፤ ጠበቀች። ከዚያ በጠርዙ አወረደችው። የትሪው ብረት ቀዝቃዛ ነበር፤ እጇን ወዲያው አላነሣችም።

«ይነካል» አለች።

ታውኖ የሚስቱን እጅ እያየ፣ «ይህን መቼ አወቅህ?» ብሎ ጠየቀ።

«ድሮ።»

«እኮ መቼ?»

«ሥራውን ከጀመርኩ ጀምሮ።»

«እሱ ይዟቸው ሲመጣም ታውቅ ነበር?»

«አዎ።»

«ምን አልከው?»

ኦይቫ ያኔ ያለውን ቃል ደገመው። «‹ቆንጆ ናቸው› አልኩት።»

ምድጃው ውስጥ እንጨት ተሰብሮ ወደቀ። ታውኖ ፊቱ አልተለወጠም፤ አንገቱ ላይ ያለው ሥር ብቻ ተነሣ።

«አፍ የለህም?»

«ነበረኝ።»

«ልጁ እኮ ያንተም ነው! ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አቅፈኸዋል! ለሪትቫ የነገርከውን፣ ለአላፊ አግዳሚው የነገርከውን—»

«እነሱ ጠየቁኝ። እሱ አልጠየቀኝም፤ እኔም ዝም አልኩ። ጎማው ነው የገደለው አልልህም፣ ታውኖ። በቀጭኑም ቢሆን ከመንገድ ሊወጣ ይችል ነበር፤ ማንም አያውቅም። እኔ የማውቀው እያወቅሁ ዝም ማለቴን ነው። ዛሬም ዝም ልል ነበር። መዋሸት እንኳ ከመናገር ቀሎኝ ነበር።»

ታውኖ ቁልፉን ወለሉ ላይ አስቀመጠ። አልወረወረውም፤ አስቀመጠው። ኮቱን ሳይለብስ በትንሿ በር ወጣ። በመስኮቱ፣ ግቢው መካከል ቡኮው ውስጥ ቆሞ ጀርባው ይታያል። እየመሸ ስለነበር የመንገዱ መብራት በርቷል።

ኦይቫ ሊከተለው ተንቀሳቀሰ።

«ተወው» አለች ሄልቪ። ወደ ወንበሯ ተመልሳ ክንዷን አቀፈች። ጥቂት ቆይታ፣ «ቤታችን ሳውናው አራት ዓመት እንዳልሞቀ ታውቃለህ?» አለች።

ኦይቫ አያውቅም ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ በየግቢው ካለው የሳውና፣ የእንፋሎት መታጠቢያ፣ ጭስ ማውጫ ሁሉ ጭስ ሲወጣ ከእነሱ አለመውጣቱን ግን አይቷል። አይቶ አልጠየቀም።

«በባልዲ ነው የምንታጠበው» አለች። «ያን ቅዳሜ ታውኖ ለሚስካ ሦስት ጊዜ ደውሎለታል። ሳውናው ሞቋል፣ ቶሎ ና፣ ሙቀቱ ሊያልፍ ነው አለው። ይህን ለሰው ተናግሮ አያውቅም፤ ለእኔም። እኔ የሰማሁት ወጥ ቤት ሆኜ ነው። ከዚያ ወዲህ በሳውናው በር አያልፍም፤ እንጨቱን እንኳ በሌላ በኩል ዞሮ ነው የሚያመጣው።»

«እኔ ደግሞ ዛሬ ሌላ ጨመርኩበት» አለ ኦይቫ።

«እኔም ለሚስካ ‹ቆንጆ ናቸው› ብዬዋለሁ» አለች ሄልቪ። «ግቢ ውስጥ አቁሞ ጠርቶኝ ነበር። ጥቁር ብር ናቸው፣ ያበራሉ፤ ምን ልበለው? እኔ እንኳ አላወቅሁም። አንተ ታውቅ ነበር። ይቅር ብያለሁ አልልህም፤ ገና አሁን ነው የሰማሁት።»

«እሺ» አለ ኦይቫ።

«እነዚያን ለማሰር ስንት ደቂቃ ይፈጃል?» ብላ በአገጯ ወደ ቀጭኖቹ አመለከተች።

«ሃያ።»

«እሰራቸው። ነገ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ መርፌው ሥር መሆን አለብኝ። መድረስ እፈልጋለሁ።»

ኦይቫ ተንበርክኮ ታውኖ ያሰረውን የሚስካን ጎማ መፍታት ጀመረ። አምስቱን ቡሎኖች አንድ በአንድ ትሪ ላይ አስቀመጠ። ቀጭኑን አሰረ። ወደ ቀኝ ዞረ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ በሩ ተከፈተ፤ ታውኖ ገባ። ትከሻው ላይ የጣለው በረዶ ገና አልቀለጠም። ሚስቱን አየ፤ ከግድግዳው የጎደሉትን ቀጭኖች አየ። ቁልፉን ከወለሉ አንሥቶ አራተኛውን ጎማ ራሱ አሰረ።

ሁለቱ ሰዎች በመኪናው ግራና ቀኝ ተንበርክከው ሠሩ። መኪናዋ ከክሪኩ ስትወርድ ታውኖ አራቱንም እየዞረ ቡሎኖቹን እንደገና አጠበቃቸው፤ ኦይቫ ያጠበቃቸውንም ጭምር። ኦይቫ አየው። ሌላ ቀን ቢሆን ቅር ይለው ነበር።

«ለመጀመሪያዎቹ መቶ ኪሎ ሜትሮች ቀስ በል» አለ ኦይቫ። ማንም አልጠየቀውም። «ሚስማሮቹ ቦታቸውን እስኪይዙ። ደግሞ ሐይቁ ዳር፣ ከጠመዝማዛው በፊት ፍሬን አትያዝ፤ ቀደም ብለህ ማርሽ ቀንስ።»

ታውኖ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን ቀጥ ብሎ አየው። ያ አስተያየት ምን እንደነበረ ኦይቫ በኋላም አላወቀም።

«እነዚህስ?» አለ ኦይቫ፣ ወደ ጥቁር ብሮቹ እያመለከተ።

ታውኖ አንሶላውን ከመኪናው የኋላ ወንበር ላይ አነሣ። ዘረጋውና አራቱን ሸፈናቸው፤ ጠርዙንም ነፋስ እንዳይገልጠው ከሥራቸው አስገባ። «እዚሁ ይቀመጡ» አለ። ሄልቪን ደግፎ መኪና ውስጥ አስገባት። የኦይቫን እጅ አልጨበጠም።

ሌሊቱን በረዶው ጣለ፤ እርጥብ ነበር። ረቡዕ ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ኦይቫ መብራት ሳያበራ የጎሚስታው መስኮት አጠገብ ቆሞ ነበር። የታውኖ መኪና በዝግታ አለፈች። ጎማዎቹ በቡኮው ላይ ሁለት ጥቁር መስመር ትተው ሄዱ፤ መስመሮቹ ቀጭን ነበሩ፣ በውስጣቸውም አስፋልቱ ይታይ ነበር።

ሄልቪ አንድ ሰዓት ከአምስት ላይ ሆስፒታል ደረሰች። ከሰዓት በኋላም ቤቷ ተመለሰች፤ ዓርብም እንዲሁ። ኦይቫ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎማ ላመጣለት ሰው ሁሉ፣ ተጠየቀም አልተጠየቀም፣ ልኩን እያየ መናገር ጀመረ፤ በዚህ ተቀይመው ሁለት ደንበኞች ወደ ከተማ ሄዱበት። ታውኖ ክረምቱን ሙሉ አላነጋገረውም። የገና ዋዜማ ሚስካ መቃብር ላይ ሁለት ሻማ በርቶ ነበር፤ አንዱ የወላጆቹ፣ ሌላው የኦይቫ። ሚያዝያ ሲጋመስ ታውኖ የበረዶውን ጎማ በበጋው ሊያስቀይር መጣ። ኦይቫ ቀጭኖቹን ፈትቶ «ሄልቪ» ብሎ በነጭ ቀለም ጻፈባቸውና ከሚስካዎቹ አጠገብ መደርደሪያው ላይ አስቀመጣቸው።